«ፎርማት አድርገው»፦ ስላረጁ የእጅ ኮምፒውተሮችና ስለ ሚሞሪ ካርዶቻቸው የቀረበ ሂስ

ያረጀ የእጅ ኮምፒውተር «ካርዱን ማንበብ አልተቻለም» ሲል ሞባይል ጥገና ቤት ብትወስዱት፣ የመሥሪያ ቤቱን የአይቲ ባለሙያ ብትጠይቁ ወይም ከዕቃው ጋር የመጣውን መመሪያ ብትገልጡ የምታገኙት መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት አድርገው»። ምክሩ አጭር ነው፤ ለመፈጸምም አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስቸግረው ደግሞ መሥራቱ ነው! ካርዱ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። ውስጡ ግን ባዶ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ይህን ምክር ነው። ጥገና ቤቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነሱ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቃቸው ነው የሚሠሩት። ምክሩ ግን ምርመራ ሳይደረግ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በካርዱ ላይ ያለው ዘፈን ከሆነ ነገ መልሶ ማስጫን ይቻላል። በእኛ አካባቢ በነዚህ ዕቃዎች ከተሰበሰበው ብዙው ግን ሁለተኛ የማይገኝ ነው።

«ያረጀ የእጅ ኮምፒውተር» ስል ሁለት ትውልድ አንድ ላይ ማለቴ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ካልሆነ እናገራለሁ።) የመጀመሪያው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት፣ በብዕር የሚነኩት ፓልምና አይፓክ ናቸው። ሁለተኛው ከ2010 በኋላ የመጡት የመጀመሪያዎቹ የአንድሮይድ ታብሌቶች ናቸው፤ እነሱም አሁን አርጅተዋል እኮ። የመጀመሪያው ትውልድ አንድ ክፉ ጠባይ ነበረው። ብዙዎቹ የተመዘገበውን የሚይዙት ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ራም ላይ ነበር። ባትሪው ጨርሶ ሲሞት መረጃውም አብሮ ይሞታል። በማይክሮሶፍት ሶፍትዌር የሚሠሩትም ዊንዶውስ ሞባይል 5 በ2005 እስኪመጣ ድረስ ከዚህ አልዳኑም። ስለዚህ ሚሞሪ ካርዱ ትርፍ ዕቃ አልነበረም፤ እውነተኛው መዝገብ እሱ ነበር።

ወደ ሰሜን ጎንደር ልምጣ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት ከ1996 ጀምሮ የቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለው። በዚሁ ጣቢያ ወረቀትንና ታብሌትን ያወዳደረ አንድ ጥናት በ2019 ታትሟል። በእያንዳንዱ ዘዴ ተሞልተው ከገቡት 1,246 መጠይቆች ውስጥ ቢያንስ አንድ ስህተት የተገኘባቸው በወረቀት 42 ከመቶ ገደማ፣ በታብሌት 31 ከመቶ ገደማ ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ፕሎስ ዋን በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ ከ12,000 በላይ ቤተሰቦች መረጃቸው በታብሌት የተሰበሰበበትን ሥራ ይተርካል፤ ጉዳዩ እንደ ትራኮማ ያሉት ችላ የተባሉ በሽታዎች ናቸው። በሙከራው አንድ ሰው መዝግቦ ለመጨረስ በወረቀት በአማካይ 264 ሴኮንድ፣ በታብሌት 260 ሴኮንድ ፈጅቷል፤ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። (ከጥናቱ አዘጋጆች አንዷ ጆይ ቡኦላምዊኒ ናት። ኋላ ላይ ፊት የሚለዩ ሶፍትዌሮች ጥቁር ሴቶችን አብዝተው እንደሚስቱ በማሳየት ዓለም ያወቃት እሷው ነች። መንገዷ በእኛ አገር ታብሌቶች በኩል ማለፉን የሚያውቅ ጥቂት ነው።)

ሁለቱም ሥራዎች ጥሩ ናቸው፤ ተማሪዎቼንም አስነብባቸዋለሁ። ሲጠቀሱ ግን «ታብሌት ከወረቀት ይሻላል» ተብለው ብቻ ነው የሚጠቀሱት፤ እኔን የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። የዳባቱ ንጽጽር የሚናገረው ተሞልተው ስለገቡ መጠይቆች ነው። ያልገባ መጠይቅ የስህተት መጠን የለውም። ወረቀት ሲበላሽ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ አንዱ ገጽ ዝናብ ይነካዋል፣ አንዱ ላይ ዕድሜ ተሳስቶ ይጻፋል። ካርድ ሲበላሽ ግን የአንድ ቀበሌ የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው የሚሄደው። አማካይ ስህተት ይህን ዓይነት ኪሳራ አያሳይም። የ2013ቱ ጥናት ስለ ወጪ ያለው ደግሞ የበለጠ ልብ ሊባል ይገባል። የመሣሪያዎቹ ዋጋ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ከሚወጣው ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ቁጠባው ሊጨምር የሚችለው ዕቃዎቹ ተደጋግመው ካገለገሉ ነው ይላል። «ሊጨምር የሚችለው» ማለታቸው የጥንቃቄ ነው። እኛ ግን ቅድመ ሁኔታውን ጥለን ቁጠባውን ብቻ ይዘናል። ተደጋግሞ ማገልገል ማለት ካርዱ በአምስተኛው ዓመትም ይነበባል ማለት ነው። እንግዲህ ካርድ መጠገን የቴክኒሻን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጥናቱ ድምዳሜ የቆመበት መሬት ነው።

ታዲያ ካርዱ አልነበብ ሲል ምን ይደረግ? መጀመሪያ ምንም አይጻፍበት። ካርዱን ከመሣሪያው አውጡት። ትልቁ ኤስዲ ካርድ በጎኑ የመቆለፊያ ምላስ አለው፤ ወደ መቆለፊያው ግፉት። (ይህ ምላስ ከካርዱ ውስጥ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የሚያነበው ማስገቢያው ነው። ስለዚህ «ካርዱ ተቆልፏል» ብሎ የሚያስቸግር ካርድ ብዙ ጊዜ ያለበት በሽታ ይህ ምላስ መላላቱ ነው፤ ቦታውን በቁራጭ ፕላስተር መሸፈን ይበቃል።) ከዚያ በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ከመጀመሪያዋ ባይት እስከ መጨረሻዋ ያለውን ሙሉ ቅጂ አውጡ። ፋይሎቹን መርጦ መገልበጥ ሳይሆን የካርዱን ሙሉ ምስል ማለቴ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የማይነበበውን ክፍል እየዘለለ፣ በኋላ እየተመለሰ ይሠራዋል። ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሙከራ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ኮምፒውተሩ «ይህን ዲስክ ፎርማት ማድረግ ይፈልጋሉ?» ሲል መልሱ «አልፈልግም» ነው፤ ጥያቄው ኮምፒውተሩ የካርዱን አቀማመጥ አላወቅኩትም ማለቱ እንጂ ካርዱ ባዶ ነው ማለቱ አይደለም።

ቅጂው ከተያዘ በኋላ ምርመራ ይጀመራል። በልምድ የማያቸው ችግሮች ብዙዎቹ የካርዱ ሕመም አይደሉም።

ከሁሉ በፊት መጠኑ። ኤስዲ ካርድ እስከ 2 ጊጋባይት አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 32 ጊጋባይት ያለው በ2006 የመጣው ኤስዲኤችሲ ሌላ ዓይነት ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ በአንድ ቀዳዳም ይገባሉ። የድሮው አሠራር ለእያንዳንዷ ባይት ቁጥር ይሰጣል፤ አዲሱ ግን 512 ባይት በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። የሕዝብ ቆጠራ ብታስቡ አንዱ ሰው በሰው፣ ሌላው ቤት በቤት እንደሚቆጥር ነው። የ2003 አይፓክ ውስጥ 16 ጊጋ ካርድ ብትከቱ ካርዱ መሣሪያው የሚጠይቀውን የድሮ ጥያቄ ሲሰማ ዝም ይላል። መሣሪያው «ካርድ የለም» ይላል። ይህን ካርድ አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት ለውጥ የለም፤ ፎርማት ቋንቋ አያስተምርም። የዛሬ ገበያ ላይ ያለው 32፣ 64፣ 128 ጊጋ ስለሆነ ደግሞ «አዲስ ካርድ ገዝተንለት እንኳን አልሠራም፤ ዕቃው ሞቷል» ተብሎ ጤነኛ መሣሪያ ይጣላል።

ሁለተኛው ምሥጢር ይበልጥ ይገርማል። ካርዱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ሞልቷል» ይላል። ይህ የሚሆነው ፋት16 በተባለው የድሮ የፋይል አደራደር ነው። በዚህ አደራደር የካርዱ የመጀመሪያ ገጽ፣ ማለትም ፎልደር ውስጥ ያልገባው ሁሉ የሚቀመጥበት ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ 512 መስመር ብቻ ያለው መዝገብ ነው። አጭር ስም ያለው ፋይል አንድ መስመር ይይዛል። ረጅም ስም ግን ለየ13 ፊደሉ ተጨማሪ መስመር ይበላል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ እያንዳንዱን መጠይቅ የወረዳውን፣ የቀበሌውን፣ የቤት ቁጥሩንና የቀኑን ስም ይዞ በ30 ፊደል ቢሰይመው እያንዳንዱ ፋይል 4 መስመር ይወስዳል። 512ን ለ4 ስናካፍል 128 ነው። ወደ 128ኛው ቤተሰብ ገደማ ካርዱ አልቀበልም ይላል፤ ሰብሳቢውም ቦታ ለማግኘት ብሎ ማጥፋት ይጀምራል! መፍትሔው ከማንኛውም ፎርማት ይቀላል፤ አንድ ፎልደር ፍጠሩና ሁሉን እዚያ አስገቡ። ፎልደር ውስጥ ያ የ512 ገደብ የለም። ይህን የሚናገር ባለ ሦስት መስመር ማስታወሻ ከየመሣሪያው ጋር ቢሰጥ ኖሮ ስንት ሥራ በተረፈ።

ሦስተኛው በየቢሮው የምናውቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው። ካርዱ ወደ አንድ የጋራ ኮምፒውተር ይሰካል፤ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል፣ ሲከፈቱም ባዶ ናቸው። «ዳታው ጠፋ» ተብሎ ፎርማት ይደረጋል። ዳታው አልጠፋም ነበር። ቫይረሱ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሐሰተኛ ምልክት ነው ያስቀመጠው። የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ወይም ካርዱን ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር መክፈት ብቻ ይበቃል። በኔ ግምት በአገራችን በፎርማት ከጠፋው መረጃ ትልቁ ድርሻ የዚህ ነው፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

የመገናኛ ነጥቦች መቆሸሽን በአጭሩ ልለፈው። በኤስዲ ካርድ ጀርባ ያሉት ወርቅማ ነጥቦች በላብና በአቧራ ይሸፈናሉ፤ በንጹሕ አልኮል የራሰ ጨርቅ ይወለወሉ። በአፍ እፍ ማለት ግን ምራቅ ማስገባት ነው።

የውጭዎቹ መመሪያዎች ሌላም ጉድለት አለባቸው፤ ቦታ አያውቁም። መሣሪያው የት እንዳለ፣ ከፍታው፣ ብርዱ፣ መብራቱ እንዴት እንደሆነ አይጠይቁም። ለዚህ የምወደው ምሳሌ ዛሬ የተረሳው ማይክሮድራይቭ ነው። አይቢኤም በ1999 ያወጣው፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ውስጧ እውነተኛ የሚሽከረከር ዲስክ ያላት ካርድ ነበረች፤ 340 ሜጋባይት ትይዝ ነበር። የምታነበዋ ጫፍ ዲስኩን አትነካም፤ ዲስኩ ሲሽከረከር በሚፈጠር ስስ የአየር ትራስ ላይ ትንሳፈፋለች። አየሩ ከሳሳ ትራሱ ይሳሳል፣ ጫፏ ዲስኩን ትፍቃለች። ስለዚህ ከ10,000 ጫማ፣ ማለትም ከ3,048 ሜትር በላይ እንዳትሠራ ገደብ ነበራት። ለአብዛኛው ዓለም ይህ የማይነበብ ጥቃቅን ጽሑፍ ነው። ለእኛ ግን ጎንደርና ደባርቅ ላይ ደኅና ሆና የዋለችው ካርድ ደባርቅን አልፋ ሳንቃ በር ስትደርስ ከገደቧ ወጥታለች ማለት ነው፤ ወደ ቧሂትና ወደ 4,533 ሜትሩ ራስ ዳሽን ለሚወጣ ተመራማሪማ አይነሣም። ተራው ፍላሽ ካርድ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይህ አያሠጋውም።

ፍላሽ ካርድን በደጋ የሚያጠቃው ሌላ ነው፤ ብርድና ያረጀ ባትሪ። ያረጀ ባትሪ በብርድ ጊዜ 40 ከመቶ እያሳየ ድንገት ይወድቃል። ካርድ ላይ መጻፍ ደግሞ ኃይል ይጠይቃል፤ በተለመደው ፍጥነት እንኳ እስከ 100 ሚሊአምፔር ሊስብ ይችላል። ማያ ገጹ በርቶ፣ ጂፒኤሱ እየፈለገ፣ ካርዱ ላይ ሲጻፍ ኃይሉ ሲወርድ መሣሪያው ይጠፋል። ጉዳቱ እየተጻፈ የነበረው ፋይል ላይ ብቻ አይቀርም። ፍላሽ አንዲት ባይት ለይቶ አያጠፋም፤ በትልልቅ ብሎክ ነው የሚያጠፋውና መልሶ የሚጽፈው። አጠገብ የነበረ የትናንት ፋይል፣ አንዳንዴም ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚናገረው ሰንጠረዥ ራሱ፣ አብሮ ይጎዳል። ማታ ማታ ወደ በረዶ ነጥብ በሚወርድበት ሰሜን ተራሮች መሣሪያውን ከኮት ውስጥ ማሳደር፣ መጠይቁ ሲያልቅ ሳይሆን ባትሪው ገና ሙሉ ሳለ መረጃውን መገልበጥ ከማንኛውም የጥገና ሶፍትዌር ይበልጣል። ሰንጠረዡ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅጂ ስላለው ቴስትዲስክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከሁለተኛው ሊያቃናው ይችላል። ያ ካልሆነ ፎቶሬክ ሰንጠረዡን ትቶ ፋይሎቹን በመልካቸው እየለየ ይለቅማል። ፎርማት ካደረጋችሁ በኋላም ቢሆን ይህ አንዳንዴ ይሠራል፤ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ግን ተስፋው ይመነምናል።

ከባትሪ ሞት የሚመጣ አንድ ስውር ጉዳት ልጨምር። ሰዓቱ የተደመሰሰ መሣሪያ ተመልሶ ሲበራ የራሱ መነሻ ቀን አለው። በፋት አደራደር ሊጻፍ የሚችለው የመጀመሪያው ቀን ጥር 1 ቀን 1980 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም.። የአንድ ጥናት ፋይሎች በደርግ ዘመን ተፈጥረው ብታገኙ ሰብሳቢው አልዋሸም፤ ሰዓቱ ነው የጠፋው። «ቀኑ የማይሆን ነው» ብሎ ፋይሉን ከጥናቱ ማውጣት ሌላ የፎርማት ዓይነት ነው። የመስክ ደብተር ካለ ቀኑን ማስተካከል ይቻላል።

የመስክ ደብተር ካለ። እዚህ ላይ ሂሴ ከምክሩ ወደ ንብረት ክፍሉ ይዞራል። ታብሌት ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይለጠፍበታል፣ ለሠራተኛ በፊርማ ይሰጣል፤ ቋሚ ዕቃ ነው። ሚሞሪ ካርዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ እስክሪብቶና ወረቀት አላቂ ዕቃ ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ታብሌቱ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ካርዱን የሚጠይቅ የለም። በአንዱ ስልክ ውስጥ ገብቶ ፊልም ይጫንበታል። ዋጋ ያለው የትኛው ነው ብትሉ መዝገቡ በትክክል ገልብጦታል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌት ተገዝቶ ቆጠራው በ2019 ለሌላ ጊዜ መተላለፉን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ጉዳዩ እንግዲህ የአንድ መሳቢያ አይደለም። የማይጠፋ ቀለም ባለው ማርከር ካርዱ ላይ ቁጥር መጻፍ፣ ደብተር ላይ የትኛው ካርድ በየትኛው ታብሌት፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደዋለ ማስፈር ገንዘብ አይጠይቅም።

ለምክሩ ፍትሐዊ ልሁን፤ ፎርማት የራሱ ጊዜ አለው። ቅጂው ተይዞ፣ መረጃው ወጥቶ፣ ካርዱ ለቀጣይ ሥራ ሲዘጋጅ ፎርማት ማድረግ ትክክል ነው። ያኔም ቢሆን በኮምፒውተር ሳይሆን በራሱ በእጅ መሣሪያው ይሁን። ከድሮዎቹ ፓልሞች አንዳንዶቹ ፋት16ን እንጂ ፋት32ን አያውቁም፤ ኮምፒውተሩ የመረጠላቸውን ላያነቡ ይችላሉ።

ለአሮጌ መሣሪያ የሚሆን 2 ጊጋ ካርድ ከየት ይገኛል ለምትሉ፣ አዲስ ከመፈለግ የድሮ ኖኪያ ስልኮችን መጠየቅ ይሻላል። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ባሉት ውስጥ 1 እና 2 ጊጋ ማይክሮ ኤስዲ አይጠፋም፤ ከአዳፕተር ጋር ኤስዲ ማስገቢያ ውስጥ ይሠራል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን ዋጋው በጣም የረከሰውን ካርድ ተጠራጠሩ። ውስጡ 2 ጊጋ ሆኖ 64 ነኝ እንዲል የተደረገ ካርድ አለ፤ እስከ 2 ጊጋ በትክክል ይጽፋል፣ ከዚያ በኋላ የተሰጠውን እየተቀበለ ይጥላል ወይም በመጀመሪያው ላይ ይደርባል፣ ስህተትም አያሳይም። ኤፍ3 የሚባለው ፕሮግራም ካርዱን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። ለትልቅ ካርድ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት ባለው ማታ መብራት ካለ ሰክታችሁት እደሩ።